በንጽጽሩ ውስጥ የሌለው ሰው

ባለ ሦስት ረድፍ የቤተሰብ ኤስዩቪ ለመግዛት የተነሳ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት ብዙ ያወዳድራል። አሜሪካ ውስጥ ከሆነ የኪያ ቴሉራይድን፣ የሂዩንዳይ ፓሊሴድን፣ የሆንዳ ፓይለትን፣ የቶዮታ ሃይላንደርንና ግራንድ ሃይላንደርን፣ የፎልክስዋገን አትላስን፣ አቅሙ ከፈቀደም የሼቭሮሌ ታሆን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመዝናል። ጥያቄዎቹ ቁም ነገር ያላቸው ናቸው። ሃይላንደር በሦስተኛው ረድፍ ለእግር የሚተወው ቦታ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ግራንድ ሃይላንደር ግን 85 ያህል ይሰጣል። አያት ወይም አክስት ከኋላ ለሚያስቀምጥ ቤተሰብ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ሦስት የሕፃን መቀመጫ በአንድ ረድፍ ይገጥማል ወይ? መቀመጫው ሁሉ ሞልቶ ሳለ ለሻንጣና ለሕፃን ጋሪ ስንት ቦታ ይተርፋል? ቤንዚኑስ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ግጭት ቢደርስ ልጆቼ ይተርፋሉ ወይ? እናትና አባት በዚህ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ የፍቅር ጊዜ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ሆኖም ንጽጽሩ የቱንም ያህል ቢረዝም አንድ ሰው ይጎድለዋል፤ ከመኪናው ውጭ ያለው ሰው። መኪናው ሲመረጥ ማንም ሳይጠይቀው፣ ከተመረጠ በኋላ ግን በየቀኑ መንገድ የሚጋራው እግረኛ፣ ብስክሌት ነጂ፣ በትንሽ መኪና የሚጓዝ ጎረቤት ማለቴ ነው።

እርሱን ወደ ንጽጽሩ ስናስገባው ጉዳዩ የገበያ ብቻ መሆኑ ይቀርና የሃይማኖትና የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል። የራሴን ልጆች ከአደጋ ለመጠበቅ ስል በማላውቀው ሰው ላይ ምን ያህል አደጋ መጫን ይፈቀድልኛል? ብዙ ደግ ሰው ይህ ጥያቄ መኖሩን ሳያስተውል ያልፋል፤ ደህንነትን ማንንም ሳይነካ በገንዘብ ሊጨመር የሚችል ነገር አድርገን ስለምናስበው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው። ለቤተሰብ ማሰብ ግዴታ ነው። ነገር ግን ከተወሰነ ልክ በላይ የሚጨመረው ክብደትና ቁመት ለቤተሰቡ የሚያተርፈው ጥቂት፣ ከባልንጀራው የሚወስደው ግን ብዙ ስለሆነ፣ ያለ በቂ ምክንያት ያንን ልክ አልፎ መግዛት በፍቅር ስም ሊጸድቅ አይችልም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁላችንም የምንመካበትን የደህንነት ምዘና እንመልከት። የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከ1993 ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። ኮከቦቹ የሚገኙት ከፊት ግጭት፣ ከጎን ግጭትና ከመገልበጥ ፈተና ነው፤ ሦስቱም የሚለኩት ውስጥ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሚደርስበት ነው። አውሮፓ ውስጥ ግን ዩሮ ኤንካፕ የተባለው ተቋም ሥራ ከጀመረበት ከ1997 አንሥቶ መኪናው እግረኛን ቢመታ ምን እንደሚያደርስበት ይፈትሻል፤ ከ2009 ወዲህም ይህ ውጤት በጠቅላላው ኮከብ ውስጥ ይታሰባል። ስለዚህ የውጭውን ሰው መቁጠር ይቻላል፤ ያልተቆጠረው ማንም ገዢ ስለማይጠይቅ ነው። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ራሱ የሚሰጠው ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። የፊት ግጭት ኮከብን ማወዳደር የሚቻለው ክብደታቸው በሚቀራረብ፣ ይኸውም ልዩነታቸው ከ113 ኪሎ ገደማ በማይበልጥ መኪኖች መካከል ብቻ ነው ይላል። ምክንያቱም ፈተናው መኪናውን የሚያጋጨው ከማይንቀሳቀስ ግድግዳ ጋር ነው። መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣው ግን ግድግዳ ሳይሆን ሌላ ቤተሰብ ነው።

ያ ሌላ ቤተሰብ ምን እንደሚደርስበት በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። አንዱ 2,000፣ ሌላው 1,300 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት መኪኖች እያንዳንዳቸው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ ፊት ለፊት ቢላተሙና ተጣብቀው ቢቀሩ፣ ከባዱ ቀላሉን በ11 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከባዱ ውስጥ ያሉት ሰዎች አካል የሚቀበለው የፍጥነት ለውጥ 39 ያህል ሲሆን፣ ቀላሉ ውስጥ ያሉት የሚቀበሉት 61 ያህል ይሆናል። ሁለቱ መኪኖች እኩል ቢመዝኑ ኖሮ ለእያንዳንዳቸው 50 ይደርሳቸው ነበር። ድምሩ በሁለቱም ሁኔታ 100 ነው። ከከባዱ መኪና ተሳፋሪዎች ላይ የተነሳው 11 ጠፍቶ አልቀረም፤ ወደ ማዶ ተሻግሮ በሌላው አባትና በሌላው ልጅ ላይ ተጭኗል። የአደጋ መዝገቦችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ኢኮኖሚስቶቹ ማይክል አንደርሰንና ማክሲሚሊያን አውፍሃመር በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ 454 ኪሎ ተጨማሪ ክብደት ባለው መኪና መመታት የመሞትን ዕድል በ47 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አስልተዋል። ከእነርሱ በፊት ሚሼል ዋይት በ2004 ያወጣችው ጥናት፣ ትላልቅ መኪኖች ከተሳፋሪዎቻቸው ላይ አንድ የሞት አደጋ ባስቀሩ ቁጥር በሌሎች ላይ ቢያንስ 4.3 የሞት አደጋ እንደሚጨምሩ አሳይቷል። ዋይት የመረመረችው በ1990ዎቹ መጨረሻ መንገድ ላይ የነበሩትን መኪኖች ስለሆነ ቁጥሩ ለዛሬ እንዳለ አይወሰድም፤ ወደፊት እመለስበታለሁ። ነገር ግን ነገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል አያጠራጥርም።

እግረኛው ደግሞ ከዚህም የባሰ ዕጣ አለው፤ እርሱን የሚጠብቀው ብረትም ሆነ የአየር ከረጢት የለም። አሜሪካ ውስጥ በ2009 በመኪና ተመትተው የሞቱ እግረኞች 4,109 ነበሩ። በ2022 ቁጥራቸው ከ7,500 አለፈ። የፍጥነቱ፣ የስልኩ፣ የመንገዱ አሠራር ሁሉ ድርሻ አለው፤ ሁሉንም በመኪናው ቁመት ማሳበብ ትክክል አይሆንም። የቁመት ድርሻ ግን ለብቻው ተለክቷል። በመድን ድርጅቶች የሚደገፈው የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም በ2023 ወደ 18,000 የሚጠጉ የእግረኛ አደጋዎችን መርምሮ ያገኘው ውጤት፣ የኮፈናቸው ከፍታ ከ1 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መኪኖች፣ ኮፈናቸው ከ76 ሴንቲ ሜትር ከማይበልጥና ፊታቸው ዘንበል ካለ መኪኖች ይልቅ የመቱትን እግረኛ የመግደል ዕድላቸው በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ጀስቲን ቲንዳል የተባለ ተመራማሪ በ2024 ባወጣው ጥናት ደግሞ፣ የመኪናው ፊት በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል የተመታው እግረኛ የመሞት ዕድል በ22 በመቶ ይጨምራል። አሠራሩ ግልጽ ነው። ዝቅ ያለና ዘንበል ያለ ኮፈን የጎልማሳን ሰው እግር መትቶ በላዩ ላይ ያወጣዋል። ከፍ ያለና እንደ ግድግዳ የቆመ ፊት ግን ደረቱን፣ ሕፃን ከሆነም ራሱን ይመታና ወደ ፊት መሬት ላይ ይጥለዋል፤ መኪናውም እስኪቆም ድረስ ወደ ወደቀው ሰው ይሄዳል።

ሃይማኖት ስለዚህ ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በሩቅ መፈለግ አያስፈልገውም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያቆም ታዟል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ሕጉ ምን እንደሚጠይቅና ምን እንደማይጠይቅ ልብ እንበል። ቤት አትሥራ አይልም፤ ጣራህ ላይ አትውጣም አይልም። ወዳጅም ይሁን እንግዳ፣ የሚወድቀው ማን እንደሆነም አይለይም። የሚለው፣ ለራስህ ጥቅም የምታቆመው ነገር ሌላውን ሊጎዳ የሚችል ከሆነ፣ ጉዳቱ ሳይደርስ አስቀድመህ መከላከል ያንተ ፈንታ መሆኑን ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ደግሞ ስለሚዋጋ በሬ ሲናገር ነገሩን የበለጠ ያጠብቀዋል። በሬው ድንገት ሰው ቢወጋና ቢገድል ባለቤቱ ነፃ ነው። በሬው ከዚያ በፊት ተዋጊ መሆኑ ታውቆ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት፣ ሳይጠብቀው ከቀረ ግን በደሉ የባለቤቱ ይሆናል። እዚህ ላይ ልዩነቱን የሚያመጣው ማወቅ ነው። ከ30 ዓመት በፊት ከፍ ያለ መኪና የገዛ ሰው ስለ ኮፈን ከፍታ የነገረው አልነበረም። የዛሬው ገዢ ግን ተነግሮታል። በእስልምናም ትምህርቱ ከዚህ አይርቅም። ከመንገድ ላይ ሰውን የሚጎዳ ነገር ማንሳት ከእምነት ቅርንጫፎች አንዱ ተደርጎ በሐዲስ ተቆጥሯል፤ ሌላውን አለመጉዳትም በሕግ ሊቃውንት ዘንድ ብዙ ፍርድ የሚመሠረትበት ዋና ደንብ ነው። እንቅፋት የሆነች ድንጋይን ከመንገድ ማንሳት እምነት ከሆነ፣ ወደ መንገድ ይዘነው የምንወጣው ነገርም ከእምነት ጋር ጉዳይ አለው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከፍቅር የሚነሳው ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይላል የአገሩ ሰው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ፣ ለገዛ ቤተሰቡ የማያስብን ሰው እምነቱን እንደካደ ይቆጥረዋል። አውግስጢኖስ ሰውን ሁሉ መርዳት ስለማይቻል በቦታና በጊዜ ይበልጥ የቀረበን ሰው ማስቀደም ተገቢ ነው ብሏል፤ ቶማስ አኩዊናስም ፍቅር ሥርዓት አለው፣ ለዘመድ የሚገባው ከባዕድ ይለያል ብሎ አስተምሯል። ታዲያ አንድ አባት የልጁን ሕይወት ከማያውቀው መንገደኛ ሕይወት ቢያስቀድም ምን ጥፋት አለው? እኔም ማስቀደሙን ጥፋት አልለውም። ነገር ግን እነዚህ ትምህርቶች ሁሉ የሚናገሩት ስለ መስጠት፣ ስለ መርዳት፣ ስለ መመገብ ነው። እንጀራ ያለው አባት አስቀድሞ ለልጁ ይቆርሳል፤ ይህ ሥርዓት ነው። ከጎረቤቱ ልጅ እጅ ነጥቆ ለልጁ ቢያጎርስ ግን ጳውሎስም ሆነ አውግስጢኖስ አይከራከሩለትም። በጎ የማድረግ ግዴታ እንደ ዝምድናው ቅርበት ይለያያል። ያለመጉዳት ግዴታ ግን ለሁሉም እኩል ነው፤ ስሙን ለማላውቀው ሰው ያለብኝ ለወንድሜ ካለብኝ አያንስም። ክብደት ደህንነትን የሚሰጠው ከሌላው ወስዶ እስከሆነ ድረስ ደግሞ ጉዳዩ ከመቁረስ ይልቅ ወደ መንጠቅ ይቀርባል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ፣ ማንኛውም መኪና እኮ አደጋ አለው፤ ትንሹም ሰው ይገድላል፤ በዚህ አያያዝ ማንም ሊነዳ አይችልም ሊል ይችላል። ደግሞስ አባትየው ሰው ልጉዳ ብሎ አልገዛም። ይህ ትክክለኛ ተቃውሞ ነው፤ መልሱንም ከአኩዊናስ እናገኛለን። አኩዊናስ ራሱን ሲከላከል አጥቂውን ስለገደለ ሰው ሲጽፍ፣ ሐሳቡ ነፍሱን ማዳን እስከሆነ ድረስ ድርጊቱ ይፈቀዳል ይላል። ወዲያው ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ራስን ለማዳን ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል ከተጠቀመ ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ድርጊቱ አይፈቀድም። እንግዲህ መለኪያው ልክ ነው። አንድም ጥፋት የማያደርስ መኪና አይገኝም፤ ጥያቄው በሌላው ላይ የምጭነው አደጋ እኔ በእውነት ከማገኘው ጥበቃ ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለው ነው። አጥቂውን በአንድ ክንድ መግታት የሚችል ሰው ጦር ካነሳ፣ ነፍሴን ላድን ነው ማለቱ አያድነውም። መንገደኛው ደግሞ አጥቂ እንኳ አይደለም።

ነገሩን የሚወስነውም እዚህ ላይ ያለው ማስረጃ ነው ብዬ አምናለሁ። ያው የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም በጥር 2025 ያወጣው ጥናት ክብደት ለተሳፋሪው የሚሰጠውን ጥቅም ደረጃ በደረጃ መዝኗል። መንገድ ላይ ካለው መኪና አማካይ ክብደት በታች ለሆነ መኪና ተጨማሪ ክብደት የተሳፋሪውን የመሞት ዕድል በግልጽ ይቀንሳል። ከአማካዩ በላይ ግን ጥቅሙ በፍጥነት ይደርቃል፤ ለተሳፋሪው የሚጨመርለት ጥበቃ የለም በሚባል ደረጃ ትንሽ ነው፤ በሌሎች ላይ የሚጨመረው አደጋ ግን ይቀጥላል። ይህ ግኝት ብዙ ጭንቀት ያቃልላል። በልጄና በጎረቤቴ ልጅ መካከል መምረጥ አለብኝ ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ምርጫ አልቀረበለትም ማለት ነው። ባለ ሦስት ረድፍ መኪኖች፣ ትንሾቹም ቢሆኑ፣ ቀድሞውኑ ከባዶች ናቸው፤ ሃይላንደር ወደ 2,000 ኪሎ ይጠጋል። ከእርሱ ተነስቶ ከ2,400 ኪሎ በላይ ወደሚመዝነው ታሆ የሚሄድ ቤተሰብ የሚያገኘው ተጨማሪ ዕቃ መጫኛና ተጎታች የመሳብ አቅም ነው። ለልጆቹ ሕይወት ብሎ ከሆነ ግን ገንዘቡን ያወጣው ላላገኘው ነገር ነው፤ ያን ዋጋም አብሮት የሚከፍል ሌላ ሰው አለ።

ሰባትና ስምንት ሰው ለመጫን ዝቅ ያለ አማራጭ ጠፍቶም አይደለም። ሚኒቫን አለ። የቶዮታ ሲየና ክብደቱ ከሃይላንደር አያንስም፤ በዚህ በኩል እኩል ቢባሉ ይሻላል። ነገር ግን አፍንጫው አጭርና ዘንበል ያለ ስለሆነ አሽከርካሪው ከፊቱ ያለውን መሬት በቅርብ ያያል፤ ሦስተኛው ረድፍ ከሃይላንደር በግልጽ ይሰፋል፤ ተንሸራታች በሩ ለሕፃንም ለአረጋዊም ይመቻል፤ ከ2021 ጀምሮ በሃይብሪድ ብቻ ስለሚሠራ በአንድ ጋሎን በአማካይ 36 ማይል ይሄዳል። የመጀመሪያው ትውልድ ቴሉራይድ ከ20 ጥቂት ከፍ ቢል ነው። ቴሉራይድ በ2020 የዓለም የዓመቱ መኪና ተብሎ የተሸለመ መልካም መኪና ነው፤ ጥራቱን የሚጠራጠር የለም። ግን ለቤተሰብ ሥራ ከሚኒቫን ይበልጣል ብሎ በማስረጃ የሚከራከር ሰው ማግኘት ይቸግራል። አሜሪካ ውስጥ በ2000 አካባቢ በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሚኒቫን ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ ገበያው ከዚያ በእጅጉ ወርዷል። የቤተሰብ ፍላጎት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰው በምን መታየት እንደሚፈልግ ነው። ከፍ ብሎ መቀመጥ የመቆጣጠር ስሜት ይሰጣል። በስደት ብዙ ለደከመ ሰው ደግሞ ትልቅ መኪና ደርሻለሁ የሚልበት ምልክት ነው፤ ይህን ስሜት መናቅ አልፈልግም፤ የድካም ዋጋ በዓይን እንዲታይ መፈለግ ሰውነት ነው። ሆኖም ክብር ፈልጎ የገዛ ሰው ለልጆቼ ብዬ ነው ማለት የለበትም። በልጆች ስም የሚቀርብ ምክንያት ሰውን ከጥያቄ ስለሚጋርደው በተለይ መመርመር ያለበት እርሱ ነው።

ሁሉም ትልቅ እየነዳ እኔ ብቻዬን ትንሽ ብነዳ ማን ይጠቀማል የሚለው ተቃውሞ በየቤቱ ይሰማል። ፍርሃቱ መሠረት አለው። የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋሙ በ2021 የጎን ግጭት ፈተናውን ሲያጠብቅ፣ የሚመታውን ጋሪ ከ1,500 ወደ 1,900 ኪሎ ያሳደገው መንገድ ላይ ያሉት መኪኖች ስለከበዱ ነው። አንዱ ሲከብድ ሌላው ይከብዳል፤ ሁሉም ገንዘብ ይጨርሳል፤ በመጨረሻም ማንም ከማንም አይበልጥም፤ እግረኛው ብቻ እንደተራቆተ ይቀራል። አማኑኤል ካንት፣ ሰው ሁሉ ቢከተለው ራሱን የሚያፈርስ መመሪያ የሥነ ምግባር መመሪያ ሊሆን አይችልም ብሎ በ1785 የጻፈው ለእንዲህ ያለው ነገር በትክክል ይሠራል። ደግሞም የእኔ ድርሻ ኢምንት ነው ማለት እዚህ አይሠራም። ጭስ ከብዙ ጭስ ጋር ይቀላቀላል፤ የማን እንደሆነ አይለይም። ግጭት ግን እንዲህ አይደለም። አንድ መኪና አንድ ሰው ፊት ይቆማል፤ የዚያ ኮፈን ከፍታ የዚያን ሰው ዕጣ ይወስናል። የፓሪስ ነዋሪዎች በየካቲት 2024 በሕዝብ ድምፅ የከባድ መኪኖችን የፓርኪንግ ክፍያ በሦስት እጥፍ ሲያሳድጉ፣ በመሐል ከተማ በሰዓት 18 ዩሮ ሲያደርሱት፣ ድምፅ የሰጠው ከመቶ 6 የማይሞላ ሰው ነበር፤ ከእነርሱም ውስጥ 54.5 በመቶው ደገፈ። ሕግ በዚህ ፍጥነት ነው የሚመጣው። ሕጉ እስኪመጣ ሕሊና ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጥ ማለት አይቻልም።

ቴክኖሎጂ ያድነናል የሚሉም አሉ፤ በከፊል እውነት አላቸው። እግረኛን አይቶ በራሱ ፍሬን የሚይዝ መሣሪያ እግረኛን የመምታት አደጋን በ27 በመቶ እንደሚቀንስ በ2022 በወጣ ጥናት ተረጋግጧል። የመንገድ መብራት በሌለበት ጨለማ ግን ያው ጥናት ምንም ልዩነት አላገኘም፤ ከአሜሪካ እግረኞች ሞት ሦስት አራተኛው ያህል የሚደርሰው ደግሞ ሲጨልም ነው። የአሜሪካ መንግሥት በሚያዝያ 2024 ያወጣው ደንብ መሣሪያው በቀንም በሌሊትም እንዲሠራ የሚያስገድደው ከመስከረም 2029 ጀምሮ ነው። ከቴክኖሎጂው ታሪክ የማገኘው ትምህርት ግን ሌላ ነው። በ1990 አካባቢ ኤስዩቪ ከተራ መኪና ጋር ሲጋጭ የተራውን መኪና ነጂ የመግደል ዕድሉ ከሌላ ተራ መኪና በ132 በመቶ ይበልጥ ነበር። አምራቾች በ2003 ተስማምተው የኤስዩቪውን የፊት ብረት ከትንሹ መኪና ብረት ጋር እንዲገጣጠም ዝቅ ካደረጉት በኋላ፣ ልዩነቱ በ2013 እና 2016 መካከል ወደ 28 በመቶ ወረደ። የዋይት ቁጥር ለዛሬ እንዳለ አይወሰድም ያልኩትም ለዚህ ነው። ዲዛይነሩ የውጭውን ሰው ማሰብ ሲጀምር አደጋው ወደ ማዶ መሻገሩ ቀርቶ በእውነት ቀነሰ። የጣራው መከታ ማለት ይህ ነው።

የእውነተኛ ፍላጎት ጉዳይ ግን በአክብሮት መታየት አለበት። ስድስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ፣ አረጋውያን ወላጆችን ከልጆች ጋር ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ ሰው፣ በኡበር ኤክስኤል ስድስት ተሳፋሪ እየጫነ የሚተዳደር አሽከርካሪ፣ ሦስተኛውን ረድፍ ያገኙት በቅንጦት አይደለም። ሁለት መኪና ከማስወጣት አንድ ትልቅ መኪና ማስወጣት ለመንገዱም ይሻላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ ክፍለ አገር የሚመላለስ ሰው ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ያስፈልገኛል ሲል ጠጠሩና ጎርፉ ይመሰክሩለታል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል። መንግሥት በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ ከቻይና የሚመጣው ባለ ሦስት ረድፍ የፎልክስዋገን አይዲ 6 በከተማው በብዛት ይታያል። ከውኃ በሚገኝ ኤሌክትሪክ መሄዱ ትልቅ በረከት ነው። ክብደቱ ግን ከ2 ቶን በላይ ነው፤ በዝግታ ሲሄድም ድምፁ እምብዛም አይሰማም። የሚሄድበት ከተማ ደግሞ አብዛኛው ሰው በእግሩ የሚጓዝበት፣ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች የሆኑበት ነው። በዚህ ከተማ የውስጡን ተሳፋሪ ብቻ የሚቆጥር ንጽጽር አብዛኛውን ሕዝብ ሳይቆጥር ይቀራል።

በመጨረሻም፣ የውስጥ ሰውና የውጭ ሰው ተብለው የተለዩት ሁለት ወገኖች አይደሉም። ጠዋት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ታስሮ ወደ ትምህርት ቤት የሄደው ልጅ ከሰዓት በኋላ በመኪኖች መካከል የሚሄድ እግረኛ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከግንቦት 2018 ጀምሮ በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ የኋላ ካሜራ ያስገደደው፣ ወደ ኋላ በሚሄድ መኪና በዓመት 210 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ፣ ከእነርሱም 31 በመቶው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንደሆኑ ገምቶ ነው፤ በነዚህ አደጋዎች መሪውን የያዘው ብዙ ጊዜ የሕፃኑ የራሱ ወላጅ ወይም ዘመድ ነው። አሜሪካ ውስጥ መንገድ ላይ ያለ መኪና አማካይ ዕድሜ ከ12 ዓመት በላይ ነው፤ ዛሬ የሚፈረመው ውል ገና ያልተወለዱ ልጆችን የሚነካ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለመግዛት ያሰቡ ሰው ሰንጠረዥዎ ላይ ሦስት ነገር ይጨምሩ፤ የመኪናውን ክብደት፣ የኮፈኑን ከፍታ፣ እግረኛን አይቶ የሚያቆመው መሣሪያ በጨለማ መሥራት አለመሥራቱን። ሻጩ የኮፈኑን ከፍታ ካላወቀ ሜትር ይዘው ራስዎ ይለኩት። ከ1 ሜትር ካለፈና ያንኑ ያህል ሰው የሚጭን ዝቅ ያለ መኪና ካለ፣ ዝቅ ያለውን ይግዙ።